እናትየው እንዳትሰማ

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ታመመችና እሷን ላስታምም ቤት ቀረሁ፤ በቃ፣ በዚያው ቀረሁ። ፊደሉ ግን አልጠፋኝም። በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ስጽፍም እንደዚሁ ነው። ይሄን ነገር በአፌ ለማውራት ብዙ ጊዜ ሞክሬ መሀል ላይ እያቃተኝ ትቼዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን ሲያቅተኝ አረፍ ብዬ እንደገና እጀምረዋለሁ። ስለዚህ ቃሉ ቢንጋደድባችሁ ታገሱኝ፤ የሆነውን ብቻ ልብ በሉልኝ።

ብዙነሽ እባላለሁ። ልጆቼን ሚኪያስንና ሄለንን ያሳደግኩት ካዛንቺስ ነው፣ አባታቸው ከሞተ በኋላ ብቻዬን። ብቻዬን ስል ግን ጎረቤቴ ጽጌ ነበረች። የምንጋራው የጭቃ ግድግዳ ስስ ስለነበር እሷ በዚያ በኩል ስታነጥስ እኔ በዚህ በኩል "ይማርሽ" እላት ነበር። የኔ ሚኪና የሷ ናትናኤል የተወለዱት በአንድ ክረምት ነው። እኔ ሥራ ስሄድ ሁለቱንም እሷ ታጠባለች፣ እሷ ስትሄድ ደግሞ እኔ። ናቲ አንድያ ልጇ ነው። እኔን "እማዬ ብዙ" ነበር የሚለኝ።

ሰፈሩ ሲፈርስ ሁላችንም ተበታተንን። ጽጌ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት። እኔ መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሽንኩርትና አትክልት ስለምከትፍ፣ ከራቅኩ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ቂርቆስ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ቤቱን ያገኘችልኝ ራዲያ ናት፤ እሷም የካዛንቺስ ልጅ ናት፣ አሁን የግቢያችን በር ላይ ሱቅ ከፍታለች።

እድራችን ግን አልፈረሰም። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ከሟች ቤት ተነስቶ በየደጁ እየዞረ ይለፍፍ ነበር። አሁን ሰዉ በየአቅጣጫው ከተበተነ ለማን ይንፋ? ስለዚህ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ታምራት በስልክ ግሩፕ ከፈቱልን። ጡረታ የወጡ፣ ጠንቃቃ፣ ሰው የሚያከብሩ ሽማግሌ ናቸው። "ለእድርተኞች በሙሉ" ብለው የጻፉ እንደሆነ ሁላችንም ደንግጠን ሥራችንን እንጥላለን።

ሚኪና ናቲ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይገጥማሉ። ሰኞ ዕለት ከአሰሪያቸው ጋር ናዝሬት አንድ ፎቅ ላይ ሊሠሩ ሄዱ። ረቡዕ ማታ ሚኪ ደወለልኝ። ናቲ ከኋላ ሆኖ ይጮኻል።

"እማዬ ብዙ! ይሄ ልጅሽ የሚሠራውን ወጥ ውሻም አይበላው!"

"ሁለት ሰሃን የጠረግከው አንተ ነህ እንዴ ውሻው?" ይለዋል ሚኪ።

እየሳቅኩ ነው ስልኩን የዘጋሁት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ ሳለ የወጥ ቤቱ ኃላፊ መጣችና ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችው።

"ብዙዬ፣ ዛሬ በቃሽ። ቤትሽ ሄደሽ እረፊ።"

"ምን ሆኜ ነው የማርፈው?"

"ደክሞሻል።"

"ኧረ አልደከመኝም!"

"እኔ ደክሞሻል ካልኩሽ ደክሞሻል።"

እሷ ማለት ታምሜ እንኳ "ከትፈሽ ስትጨርሺ ትሄጃለሽ" የምትል ሴት ናት። ግራ ገባኝ። ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው እያልኩ መንገድ ጀመርኩ። እስቲ ትንሽ ልርሳው ብዬ ስልኬን ከፍቼ የእድሩን ግሩፕ ብፈልግ የለም። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፣ የለም። የሆነ ነገር ነክቼ ያጠፋሁት መሰለኝና ለሄለን ሰጥቼ ትመልስልኛለች ብዬ ተውኩት።

ራዲያ ሱቅ ስደርስ ቀና ብላ አላየችኝም።

"ራዲያ፣ ሳሙና ስጪኝ። ሄለን ገብታለች?"

"እኔ ቤት ናት። ልጄን ሒሳብ ታስጠናልኝ፤ ዛሬ እዚያው ትደር።"

"ልጅሽ አንደኛ ክፍል አይደል እንዴ? የምን ሒሳብ አለው?"

"አንቺ ደግሞ! አንድና አንድስ ቢሆን ሒሳብ አይደለም?" ብላ ሳቀች። ዓይኗ ግን ደም መስሏል።

"ምን ሆነሻል?"

"ሽንኩርት ነው።"

ለኔ! ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ ለምውል ሰው! ከባሏ ጋር ተጣልታ ይሆናል ብዬ አልፌያት ገባሁ።

አመሻሽ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ሚኪ! የማን ስልክ ነው?"

"የአሰሪያችን። የኔን ዘግቼዋለሁ። አትጨነቂ፣ ደህና ነኝ። ነገ እመጣለሁ።"

"ሥራው አለቀ እንዴ?"

"እ... አዎ።"

"ድምጽህ ምን ሆኗል?"

"ብርድ መታኝ።"

"ናቲስ?"

የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ? ሃሎ?" አልኩ።

"አለ" አለኝ። "እዚሁ አለ። በቃ እማዬ፣ ቻው።"

ብርድ ከመታው ነገ ዝንጅብል አፈላለታለሁ ብዬ ተኛሁ። ተኛሁ ልበል እንጂ እንቅልፍ አልነበረም፤ ሥራዬ ነበር በሐሳቤ የሚዞረው። ስለ ልጄ አንዲት ክፉ ነገር አላሰብኩም።

አርብ ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ውጪ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል፣ ግን ማንም አያወራም። ከፈትኩ። ጋሽ ታምራት ጋቢ ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው የእድሩ ወንዶች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ከሴቶቹ መሀል ጽጌን አየኋት። ታክሲ እንኳ ሥራ ሳይጀምር ጽጌ ከዚያ ሁሉ ርቀት! ለካ ማታውኑ መጥታ ራዲያ ቤት ነው ያደረችው።

በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

"ማን ነው? ወንድሜ ነው? የቡታጅራው ነው?"

"ብዙነሽ፣ ልጄ፣ ጠንከር በይ" አሉ ጋሽ ታምራት። "ሚኪያስን እግዚአብሔር ወስዶታል።" ይሄን ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ወንዶቹ ዞሩ።

"ውሸት ነው!" አልኩ። "ትናንት አመሻሽ ላይ ደውሎልኛል! በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ!"

ጋሽ ታምራት አልሰሙኝም፤ ድንኳኑን ሊያስተክሉ ወጥተዋል። ከሴቶቹ አንዷ ግን ጀርባዬን እያሻሸች "ከዚያ በኋላ ነው እህቴ። ማታ ነው የሆነው" አለችኝ።

አመንኳት። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ግን አመንኳት። ያን ጊዜ ጉልበቴን እየደበደብኩ የጮኽኩትን ጩኸት አሁን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። "ሁለት ሆነው ሄደው! ለምን የኔ ብቻ? ናቲ ተርፎ የኔ ልጅ ለምን?" አልኩ። ጽጌ ወገቤን አቅፋ ይዛኛለች። አንዲቷም ቃል አላመለጠቻትም።

"ናቲ አለልሽ ብዙዬ" ትለኛለች እያለቀሰች። "ከዛሬ ጀምሮ ያንቺም ልጅ ነው። ናቲ አለልሽ።"

ድንኳኑ ተተከለ። ሰዉ ከአራቱም ማዕዘን መጣ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ተያይተን የማናውቅ ሁሉ እዚያ ተገናኘን። ሴቶቹ እያጽናኑኝ ነው፣ ግን ሲያጽናኑኝ ይነግሩኛል። አንዷ "ኤሌክትሪክ ነው አሉ የያዘው" አለች። ሌላዋ "የለም፣ መኪና ነው፤ እዚያ ያለ ዘመዴ በዓይኑ አይቷል" አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ሆስፒታል ድረስ እየተናገረ ሄዶ "እናቴን አደራ" ብሎ እንዳረፈ ነገረችኝ። እሷን አንገቷን አቅፌ "ምን አለ? እስቲ ድገሚልኝ" አልኳት። ደገመችልኝ። አሁንም ድገሚልኝ አልኳት። በደገመችው ቁጥር ይረዝም ነበር፤ እኔም በረዘመ ቁጥር ይበልጥ አምነዋለሁ።

ጽጌ ግን አንድም ነገር አልጨመረችም። "ለናቲ ትናንት ማታ ደጋግሜ ደውዬለት አያነሳም" ብቻ አለችኝ። "በጓደኛው ሐዘን ምን ልብ ይኖረዋል? ምን በልቶ አድሮ ይሆን?"

ረፋዱ ላይ ጋሽ ታምራት አሳትመው ያመጡትን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ሻማ አበሩለት። ሚኪዬ ቢጫ ቆብ አድርጎ ይስቃል። ትከሻው ላይ የሰው እጅ አለ፤ የእጁ ባለቤት ግን የለም፤ ፎቶው እዚያ ላይ ተቆርጧል። ጽጌ ጠጋ ብላ አየችው።

"ይሄ የናቲ እጅ ነው።"

"አዎ" አሉ ጋሽ ታምራት። "ፎቶውን ያገኘሁት ከሚኪያስ ገጽ ላይ ነው። ስሙ ከላይ አለ፣ ሻማ አለው፣ ወጣቱ ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ጽፎበታል። ናቲም አብሮት አለበት። በሕይወት ያለን ልጅ ከሻማ ጋር ማስቀመጥ ደግ አይደለም ብዬ እሱን ቆርጬ አወጣሁት። ለግሩፑም የላክሁት እንደዚያው አድርጌ ነው።"

ጽጌ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመች። "እድሜ ይስጥልኝ ጋሼ። እንኳን አወጡልኝ።"

ሄለን የገባችው በዚህ መሀል ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ፊቷ በለቅሶ አብጧል። ትናንት አገር ሁሉ ሲሰማ፣ ለኔ እንዳትነግረኝ ብለው ከራዲያ ቤት አላስወጧትም፤ ስልኳንም ቀምተዋት ነበር። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

"እማዬ፣ ሚኪ መቼ ነው የደወለልሽ?"

"ተይኝ ልጄ።"

"ንገሪኝ በናትሽ!"

"ትናንት አመሻሽ ላይ።"

"ፎቶው የተለጠፈው በምሳ ሰዓት ነው። ስልኬን አሁን መለሱልኝ፣ ገጹን ከፍቼ አየሁት። የለጠፈው ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሱ ሚኪ ነው። 'ወንድሜ፣ ነፍስህን በገነት ያኑራት' ይላል። ሰው ለራሱ እንደዚህ ብሎ ይጽፋል?"

አፏን እያየሁ ነው እንጂ የምትለው አይገባኝም። "እና?"

"እናማ ፎቶው ላይ ሁለት ሰው ነው ያለው..." አለችና ቀና ስትል ዓይኗ ከጽጌ ዓይን ገጠመ። ቶሎ አቀረቀረች። "ስልክሽን ስጪኝ። የደወለበት ቁጥር አለ አይደል? ነይ፣ ውጪ እንውጣ።"

ስልኬን ከጉያዬ ወስዳ ቁጥሩን ነካችው። እጄን ይዛ ትጎትተኛለች። ገና ሳልነሳ ከስልኩ ውስጥ ድምጽ ሰማሁ።

"ሃሎ? እማዬ?"

እናንተ ወላጆች የሆናችሁ፣ ያን ድምጽ እንዴት አድርጌ ልጻፍላችሁ። ስልኩን ከልጄ እጅ ነጠቅኩት።

"ሚኪ! ሚኪ ነህ?"

"እኔ ነኝ እማዬ። ምን ሆነሻል?"

"እማዬ ውጪ!" ትላለች ሄለን። "በእግዚአብሔር፣ ውጪ ሆነሽ አውሪው!"

"የት ነው የምወጣው? ሁሉም ይስማ!" ብዬ ጮህኩ። ድምጹን ማስጮኺያውን ራሴ ነካሁት። ወጥ ቤት እጄ እርጥብ ስለሆነ ሁልጊዜ በዚያ ነው የማወራው፤ ከስልክ አጣርቼ የማውቃት አንድ ነገር እሷ ናት። "ሚኪዬ ተናገር! ይስሙህ! ደህና ነኝ በላቸው!"

"ደህና ነኝ እማዬ። ቃሊቲ ደርሰናል። እነማን ናቸው አጠገብሽ ያሉት?"

እልል አልኩ። ያ ሁሉ የለቅሶ ድንኳን እልል አለ። ወንዶቹ ተሳሳሙ፣ ጋሽ ታምራት ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። ከሁላችንም በላይ የጽጌ እልልታ ነበር። ነጠላዋን ከአንገቷ አውልቃ እያውለበለበች፣ እየዘለለች፣ እኔን እየሳመች፣ ስልኩን እየሳመች። "አላልኩሽም? ፈጣሪ አይጥልሽም አላልኩሽም?" ትላለች፤ ብላኝም አታውቅ፣ ደስታዋ ነው።

ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"ሚኪዬ፣ እኔ ነኝ፣ ጽጌ! እንኳን ሞቱን ለሌላ አደረገው የኔ ልጅ! እስቲ ናቲን ስጠኝ፤ ትናንት ስደውልለት አያነሳም።"

ስልኩ ውስጥ የመኪና ድምጽ ብቻ ነበር።

"ሚኪ? አትሰማኝም? ናቲ አጠገብህ ነው?"

"እትዬ ጽጌ... እዚያ ነሽ እንዴ?" አለ ልጄ። ድምጹ የትንሽ ልጅ ሆነ። ከዚያ መናገር አቅቶት ሲንሰቀሰቅ ሰማነው። የአሰሪው ድምጽ ከጎኑ "ዝጋው! ዝጋው ብዬሃለሁ!" አለና ስልኩ ተዘጋ።

እልልታው እንደዚያ አንድ ጊዜ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም። ሄለን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጽጌ ማንንም አልጠየቀችም። ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ የኔ ልጅ ትከሻ ላይ ያለችውን ያቺን እጅ በጣቷ ነካቻት።

"ጋሼ" አለች። "የቆረጡት የት አለ?"

መልሱን ሳትጠብቅ እዚያው ወደቀች።

ናቲ ሐሙስ ጠዋት ነው ከግንባታው መወጣጫ ላይ የወደቀው። ወዲያው ነው ያረፈው፤ ለማንም "አደራ" አላለም። ሚኪ አብሮ አደጉን በእጁ ይዞት ነበር። ልቡ አልችል ሲለው የሁለቱን ፎቶ ለጠፈ። "እትዬ ጽጌ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፣ አታየውም ብዬ ነው" አለኝ በኋላ። ሰው ሁሉ ሲደውልበት ስልኩን ዘጋው። ለኔም ያልነገረኝ፣ ጮኼ እሷ እንዳትሰማ፣ በወጉ በሽማግሌ እንዲነገራት ብሎ ነው። "ናቲስ?" ስለው "አለ" ያለኝ ለዚህ ነው። አብሮት ነበራ፣ እንዴት ብሎ የለም ይበለኝ?

ድንኳኑ አልፈረሰም። አስከሬኑ ወደ ጽጌ ሰፈር መሄድ ሲገባው እዚያ የተዘጋጀ ነገር ስላልነበረ እኛ ጋ መጣ። በዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠው ያው ሰው ለሌላ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። "እናቴን አደራ አለ" ያለችኝን ሴት ፈለግኳት፣ የለችም። "ማታ ነው የሆነው" ያለችኝም አልተገኘችም። ቅዳሜ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ከቡታጅራ እያለቀሰ መጣና በሩን የከፈተለት ሚኪ ሆነ፤ ወንድሜ ደጁ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ከቄራ፣ ከቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከማላውቀው አገር ጭምር "እግዜር ያጽናሽ" እያለ የሚደውልልኝ ሰው አልጠፋም። ያቺ የተቆረጠች ፎቶ ገና እየዞረች ነበር።

ጋሽ ታምራት ቤቴ መጥተው አለቀሱ። "ደውዬ ነበር እኮ" አሉኝ። "ሚኪያስ ዝግ ነው፣ ናቲ አያነሳም። አየሽ? ሁለቱም ማረጋገጫ መሰሉኝ። አንቺን ከግሩፑ ያስወጣሁሽም ክፉ ልሠራ አልነበረም፣ በድንገት አይተሽው ልብሽ እንዳይሰነጠቅ ነው።" እኔ በሳቸው አልፈርድም። እድርተኛው ሁሉ ተስማምቶ ነው፤ ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ደውለው ወደ ቤት ያስላኩኝም እነሱ ናቸው። እናትየው እንዳትሰማ ተባለ፤ እኔም ሌላ እናት ብትሆን ያንኑ እል ነበር።

ግን እስቲ አስቡት። ድሮ ይሄ ወግ ሲወጣ መርዶ የሚያረዳው ሰው የሞተውን በዓይኑ ያየ፣ ወይም ካየ ሰው አፍ የሰማ ነበር። አሁን ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ይደርሳል፣ ማን እንዳመጣውም አይታወቅም፤ እኛ ግን እንደ ድሮው ለእናት አይነገርም ብለን እንደብቃለን። ለእናት አይነገርም ስንል ከእናት አይጠየቅም ማለታችን ሆነ። እነሱ መልእክቱ በምሳ ሰዓት እንደደረሳቸው ያውቃሉ፤ እኔ ልጄን አመሻሽ ላይ እንዳናገርኩት አውቃለሁ። ሐሙስ ማታ አንድ ሰው በሬን አንኳኩቶ "ብዙነሽ፣ ሚኪ ደውሎልሻል?" ቢለኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ጽጌም ወጉ በሚያዘው፣ ዘመድ አዝማድ ከቧት፣ የራሷን መርዶ በራሷ ቤት ትሰማ ነበር።

ራሴንም አልተውኩትም። የአሰሪው ቁጥር ከጎህ ጀምሮ ጉያዬ ውስጥ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ስጮህ አንድ ጊዜ ልንካው ብዬ አላሰብኩም። ሄለን እጄን እየጎተተች ውጪ ስትለኝም አልወጣሁም። ደስታዬን ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ፈለግኩ።

ዛሬ ፈሪ ሆኛለሁ። ሚኪ ሥራ ላይ ሲሆን ደጋግሜ እደውላለሁ፤ ድምጹም አይበቃኝም፣ ፊትህን አሳየኝ እለዋለሁ። "እማዬ፣ ሰው እየሳቀብኝ ነው" ይለኛል። ይሳቁ። ግሩፕ ላይ ፎቶ ሲመጣ ሄለንን እጠራታለሁ። ማን ነው ያወጣው፣ መቼ ነው፣ ያልተቆረጠው የት አለ እላታለሁ። እናንተም እባካችሁ፣ የሰው ልጅ ስም የያዘ ነገር እጃችሁ ሲገባ ወደ ሌላ ከመላካችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር ቢመስላችሁም ጠይቁ። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ ምን ይጎዳኝ ነበር?

ለአርባው ጽጌ ቤት ሄጄ እንግዳው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሰሃን አጠብኩላት። ስጨርስ ይቅር በይኝ ልላት አጠገቧ ተቀመጥኩ። የት ልጀምረው? ስለዚያ ጩኸቴ፣ "ናቲ ተርፎ የኔ ልጅ ለምን" ስላልኩት? ስለ ስልኩ? አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ታውቂያለሽ ብዙዬ" አለች፣ መስኮት መስኮቱን እያየች። "ያን ቀን ጠዋት ለሚኪ አለቀስኩ፣ አለቀስኩ፣ ያለኝን ሁሉ አለቀስኩ። ናቲ ሲመጣ እንባ አልነበረኝም። ሰዉ ልጇን እየቀበረች አይደለም እንዴ እስኪል ድረስ ዓይኔ ደርቆ ቀበርኩት።"

ይቅር በይኝ ሳልላት ቀረሁ። እሷም "ሻይ ላፍላልሽ" ብላ ተነሳች።

አሁንም እሁድ እሁድ በሁለት ታክሲ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን ስለ ካዛንቺስ ታወራኛለች፣ እንስቃለንም። አንዳንድ ቀን ቴሌቪዥኑን ከፍታ እሱን ታያለች። ሚኪ ልከተልሽ ብሎ ይለብስና በር ላይ ሲደርስ ይመለሳል። ልሄድ ስነሳ ሁልጊዜ "ሚኪ እንዴት ነው?" ትለኛለች። "ደህና ነው" እላታለሁ፤ ሳላስበው ድምጼን ዝቅ አደርጋለሁ። አምጪው ብላኝ ግን አታውቅም። እኔም ይዤው ልምጣ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።